መንኮራኩሯ ውስጥ ያሠራሁት መደብ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። አንቺ አትሳቂ፣ የነገርኩሽን ብቻ ጻፊ።

ያኔ የባቡሩ መንገድ እየተቆፈረ ታች ሜዳው ሁሉ አቧራ ነበር። እኛ የካ ዳገቱ ላይ፣ ባህር ዛፉ ሥር ነን። መሪ ሰፈር ያለው አጎትሽ ኮምፒውተሩን አውሶሽ፣ ከትምህርት ቤት መጣሽ ማለት እሱ ላይ ተደፋሽ ማለት ነው።

"ምንድን ነው የምትስዪው?" ብልሽ፣ "መንኮራኩር ናት እማማ። የትም አገር የለችም፤ ከራሴ ነው ያወጣኋት" አልሽኝ።

የአውሮፕላን መንጃ ጨዋታ አለ አሉ፤ የሠሩትን እዚያ አስገብተው ያበሩታል። ያንቺዋ በር አላት፣ መስኮት አላት፣ ግን አትበርም። ገና ከመሬት ስትነሳ አፍንጫዋን ቀስራ በጀርባዋ ዘፍ!

አባትሽ አየ። "ቅዳሜ ትምህርት ቤት የሠራችሁትን ስታሳዩ ሰው ፊት እንዲህ ከወደቀች፣ ኮምፒውተሩ ወደ መሪ፣ አንቺ ወደ ደብተርሽ" አለ። ልጄ ካለ አለ ነው።

አንቺ ስታለቅሺ እኔ ጎንሽ ተቀምጬ ውስጧን አየሁ። አንዲት ወንበር ብቻ!

"እንግዳ ቢመጣ የት ይቀመጣል?"

"ኧረ እማማ! ጨረቃ ላይ ማን ይመጣል?"

"እንግዳ መቼ ተናግሮ ይመጣል? መደብ አድርጊላት።"

ዝም ልታሰኚኝ ከኋላ፣ ሞተሩ ጋ አደረግሽው። "ነውር! እንግዳ ከጭሱ ጋር? ከፊት፣ መስኮቱ ጋ ነው እንጂ!"

እየሳቅሽ ወደ ፊት አመጣሽው፣ ሁለት እንግዳም አስቀመጥሽበት። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ለሁሉም ነገር ክብደት ይሰጡታል። ስታስነሺያት ቀጥ ብላ ተነሳች! አፍሽን ከፍተሽ ቀረሽ። ለካ ጭራዋ ከብዷት ኖሯል። እኔ ምን አውቄ፣ ስለ ወጉ ነው የተናገርኩት። ማረፏን ሳናይ ግን መብራት ሄደ፤ እስከ ቅዳሜም አልመጣ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አንዷ ተማሪ "መንኮራኩር ውስጥ መደብ!" ብላ ሰዉን አሳቀችው። አባትሽ አንገቱን ደፋ። አንቺ አስነሳሻት። ወጣች፣ ዞረች፣ ስትመለስ ሳቁ ሁሉ ጠፋ። እንቁላሏ ላይ እንደምትመለስ ዶሮ፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

እልልታዬን ለቀቅኩት!

"እማዬ፣ ሰው እያየን ነው" አለ ልጄ።

"ይየን እንጂ! ለዚህ አይደል የመጣነው?"

ስንወጣ ኮምፒውተሩን አባትሽ ተሸከመ። ታክሲ ተራው ጋ ወያላው "መሪ! መሪ!" ይላል። ኮምፒውተሩን ለአጎትሽ ሊመልስ ነው ብዬ ነበር። ልጄ ግን ዞር ብሎም አላየው፤ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቤታችን፣ ዳገቱን ተያያዘው።

እኔም ከኋላው እልልታዬን እንደገና ጀመርኩ።