ስለ ጋሽ ቶላ ያወራሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ ብዬ እዘልቅና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ሰሞኑን ግን ልጄን ድሬ ደስታው ገና ከቤቴ አልወጣም፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይም። ስሙኝና ፍረዱኝ።

የዛሬ አስራ አምስት ዓመት ግድም ከጎፋ ለቀን ፉሪ ጫፍ ቤት ሠርተን ስንገባ አካባቢው ገና እርሻ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ቶላ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ገብስ ይዘራሉ፣ ላም ያልባሉ። እኔ የታክሲው መንገድ ሲረዝምብኝ በቡቃያቸው መሀል አቋርጥ ነበር። አንድ ቀን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በየማለዳው ነው የረገጥኩት። ታዲያ አንድ ማለዳ ውሻቸው ተነሣብኝና ጫማዬን ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ። ጋሽ ቶላ ሮጠው ውሻውን ያዙት። ጫማዬንም አጥበው፣ ከአንድ ጆግ እርጎ ጋር ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ስለ ቡቃያው አንዲት ቃል አልተናገሩም።

እኔስ ምን ብዬ አወራሁ? «ገበሬው ውሻ ለቀቀብኝ» ብዬ። መጀመሪያ ያወራሁት ሀና ማርያም፣ ለማኅበርተኞቼ ነው። አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። አሯሯጤን እያሳየሁ ስናገር ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ በሚቀጥለው ወር አጠገባቸው ቦታ ያዙልኝ። ደገምኩት። በእድሩ አወራሁት፣ በታክሲ ሰልፍ አወራሁት፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አልተውኩትም። አንዱን ውሻ ሦስት አደረግሁት። እርጎውንማ ማን ያነሣዋል? «ገበሬው» ያልኩት ውሎ አድሮ «ገበሬዎቹ» ሆነ፤ እነሱ እንግዳ አይወዱም ተባለ። ወሬው ከኔ አፍ ነው የወጣው።

የፈጣሪ ሥራ፣ ልጄ ናትናኤል ከአገሩ ሴት ሁሉ መርጦ የጋሽ ቶላን ልጅ ሲፈንን ወደደ። እሰይ ብዬ ሽማግሌ ልላክ ስል ከእድራችን የለመንኳቸው ሦስቱ አዛውንት አንሄድም አሉኝ። ትልቁ ጋሽ በቀለ «በስተርጅና ውሻ ይብላን እንዴ? አንቺው አይደለሽ የነገርሽን?» አሉኝ። ናትናኤል እህል አልቀምስ ብሎ ተኛ። ልጄ በእናቱ ወሬ ትዳር ሊያጣ ሆነ።

የዚያን ዕለት ለአዛውንቶቹ እርጎውንም፣ ጫማውንም፣ ቡቃያውንም አወጣሁላቸው። «ረስቼው ነው» አልኳቸው። ጋሽ በቀለ «ታዲያ ይሄ እኮ ሌላ ሰው ነው» አሉ፣ እሁድ ጠዋትም ሄዱ። ጋሽ ቶላ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው፤ እንደ ወጉ አንዴ ቀጥረው በሁለተኛው እሺ አሉ።

ሰርጉን ብታዩት! የኛ ዘመድ በእስክስታ፣ የነሱ ዘመድ በረገዳ መሬቱን አናወጠው። እኔም በስልሳ ዓመቴ ረገዳ እመታለሁ ብዬ ገብቼ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ደግፈው ያነሡኝ ጋሽ ቶላ ናቸው። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀብኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከመልሱ በኋላ ሲፈን ወጥ ቤት አጠገቤ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ «እማዬ፣ ትምህርት ቤት እኮ የውሻው ሰውዬ ልጅ ይሉኝ ነበር» አለችኝ፣ እየሳቀች። «አባባ ለምን አለቀስሽ ሲለኝ ወድቄ ነው እለው ነበር። ግን እርጎውን ለምን አታወሪውም ነበር?»

«ረስቼው ነው ልጄ» አልኳት። አመነችኝ፣ ጉንጬንም ሳመችኝ።

አልረሳሁትም። አንድ ጊዜ እርጎውን ጨምሬ አውርቼው ነበር። ሴቶቹ «ደግ ሰው ናቸው» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ዞሩ፤ ማንም አልሳቀልኝም። ከዚያ ወዲያ አውቄ ቆረጥኩት። እኔ፣ ለሳቅ ብዬ። አዲስ ገቢ ነበርኩ፣ ብቸኛ ነበርኩ ብዬ አላመካኝም፤ ሲፈንም ያኔ ልጅ ነበረች።

ቅዳሜ ናትናኤልና ሲፈን ለምሳ ይመጣሉ። ይህንኑ ለእሷ እነግራታለሁ። ይቅርታውን የምጠብቀው ከእሷ ነው፤ ብትከለክለኝም አልቀየማትም።