የተነካ ዕቃ

እስቲ ይህን አውራ ጣት እዩት። ጫፉ ላይ ያለችው ነጭ ጠባሳ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። የጣቱ ባለቤት ሰው በጨበጠች ቁጥር «ምን ሆነሽ ነው?» እስክትባል ትጠብቃለች። ካልጠየቋት ራሷ ታነሳዋለች እንጂ ዝም አትልም።

«ባለቁልፏ» ነው የሚሏት። የላቦራቶሪው ንብረት ሁሉ በፊርማዋ ነው ያለው። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ እቶን፣ መስኮቱ ሥር የሴራሚክ ዱቄት የሚያደቅ ወፍጮ፣ መሃል ላይ ዱቄቱን ጨምቆ ጠፍጣፋ የሚያደርገው ፕሬስ፤ በግድግዳው በኩል ደግሞ የብር ቀለም በወንፊት የሚያትመው ማሽን፣ መበየጃው፣ መለኪያው። አዲስ ነገር ፈጥሮ ለመሞከር ምንም አልጎደለም። ሁሉም ግን ልብስ ለብሷል! ልብሱን በየልኩ የሰፋችው እሷ ናት፣ ቤቷ ባለችው፣ በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪና። እንግዳ ሲመጣ ልብሱ ይገለጣል፤ እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሄዳል። ልብሱ ይመለሳል። በቆጠራ ጊዜ «አንዲት ብሎን ያልጎደለባት!» ተብላ ትሞገሳለች። እንዴት ይጎድልባት? ያልሠራ ዕቃ ምን ይጎድለዋል? እንዲህ ያለው ሙገሳ ለሬሳ ጠባቂም ይገባል።

አንዲት ኢንጂነር ተቀጠረች። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ አልጋ የሚሆን፣ ሙቀት የሚለካ ስስ የሴራሚክ ሰሌዳ በወረቀት ነድፋ ጨርሳለች። የቀራት ሠርቶ ማየት ነው።

«እትዬ፣ ወፍጮውን ይክፈቱልኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልፈጭበት ነዋ!»

«ቢሰበርስ? አለቃው ‹አንድ ነገር ቢሆን ሥራሽን እርሺው› ብለውኛል። ልጆቼን አንቺ ልታበይልኝ ነው?»

«ቆሞ እያረጀ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ያርጅ! የሚያስጠይቀው መሰበሩ እንጂ ማርጀቱ አይደለም።»

ቤቷ ገብታ፣ ለእቶኑ አዲስ ልብስ እየሰፋች፣ ይህንኑ ለባሏ እየሳቀች አወራችው። የስፌት መኪናዋን ከእናቷ ነው የወረሰቻት። ቀለሟ ተላልጧል፤ ጉልበቷ ግን አልሰለለም። ባሏ የሚረግጠውን እግሯን አየ፣ የሚዞረውን መዘውር አየ።

«እቺንስ ለምን አታለብሻትም?» አላት። «ከእናትሽ ጀምሮ ስትረገጥ ኖራ ያልተሰበረችው መቼም ረስታው ነው።»

የጀመረችውን ልብስ ሳትጨርስ አጥፋ አስቀመጠችው።

ጠዋት ቀጥ ብላ ወደ ወፍጮው ሄደች። ልብሱን ገፈፈችና ኢንጂነሯን ጠራቻት። ሲያስነሱት ሞተሩ ዞረ፤ ዱቄቱ የሚፈጭበት ማሰሮ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎኑን ከፍተው ቢያዩ፣ ሞተሩን ከማሰሮው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈርፍሯል። ማንም ሳይነካው! ባለቁልፏ ፍርፋሪውን በመዳፏ ይዛ ቆመች። እሷ ልብስ ስትሰፋለት እሱ ውስጥ ውስጡን ሲሞት ኖሯል።

«እንዝጋው እትዬ፤ ማንም አላየንም» አለች ኢንጂነሯ በሹክሹክታ።

«አፍሽን ዝጊ! ወፍጮው አይዘጋም።»

ቤቷ በርራ ሄዳ የስፌት መኪናዋን የቆዳ ቺንጋ ፈታ አመጣች። በልኩ ቆርጠው ገጠሙት። ማሰሮው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ዞረ።

ድምፁን የሰማው አለቃ እየሮጠ መጣ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ፊርማው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እንግዲያው እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ቁልፉን አምጪ! ሌላ ሰው ይረከብሻል።»

ቁልፉን አስረከበች። አለቃው ተረካቢ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። የሒሳብ ሠራተኛው «የተነካ ዕቃ? እኔ የለሁበትም» አለ። የመጋዘን ኃላፊው ድንገት ወገቡን አመመው። ጸሐፊዋ እንባዋ መጣ። ዕቃውን አስሮ ያኖረው ፍርሃት፣ አሁን ባለቁልፏን የሚተካ ሰው አሳጣ! ርክክቡ ካላለቀ ደግሞ በደንቡ በሩ አይቆለፍም፣ አይታሸግም። ሁለቱ ሴቶች በዚያው ክፍት በር ገብተው ፈጩ፣ ጨመቁ፣ አተሙ፣ ተኮሱ። የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች እሳቱን ስላቻኮሉት ተሰነጠቁ። በሁለተኛው ዙር እቶኑን ቀስ አድርገው አሞቁት።

ነጭ ሰሌዳ ወጣ፣ ፀጉር የምታህል የብር መስመር በላዩ የተጋደመችበት። ኢንጂነሯ ሽቦ በየደችበትና ከመለኪያው ጋር አገናኘችው። «አይንኩት፣ ገና ትኩስ ነው!» ብላ ሳትጨርስ ባለቁልፏ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ጣቷ ቸስ አለ። በመለኪያው መስኮት ላይ ግን፣ ሰሌዳው ሙቀቱን ለጣቷ ሲያጋራ፣ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ።

«አወቀኝ!» ብላ ጮኸች። «ጣቴን አወቀኝ እኮ!»

አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ «በይ ያዢው። ያው በፊርማሽ ነው» አለ።

«ነው እንጂ!» አለች፣ ጣቷን እፍ እያለች።

የስፌት መኪናዋ ዛሬም ቺንጋ የላትም። የማሽኖቹን ልብሶች በእጅ መርፌ ሽርጥ አድርጋቸዋለች፤ ወፍጮው ሲዞር ሁለቱ ሴቶች ያንን ታጥቀው ዱቄት በዱቄት ይሆናሉ። ባሏ «አሁን እንኳ እቺን አልብሻት» እያለ ይስቅባታል። እሷ አውራ ጣቷን ታሳየዋለች።

እናንተም በፊርማችሁ ሥር ልብስ ለብሶ የቆመ ዕቃ ካለ፣ እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ገልጣችሁ አስነሱት።