ኡካ መድረስ ያቃተው ሜዳይ

መቱ ባሕር የላትም፤ ካፒቴን ግን አላት። ጋሼ ጌታሰው ይባላሉ። ድሮ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ፤ ሠራዊቱ ከተበተነ ወዲህ ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናሉ። ከጠረጴዛቸው በላይ የዘመቻ ሜዳያቸው ተሰቅሏል። «እንዴት አገኙት?» ያለ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «ስልክህ ደርሷል፣ ውሰድ» ነው።

ዋና አይችሉም። ራሳቸው ናቸው የነገሩን፤ እኛም በዋዛ አላለፍናቸውም። ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ላይ ውሃ ሲተኛ፣ ባጃጅ ነጂው ሲፋን በኦሮምኛ «ኮታ! ይምጡ ካፒቴን፣ ይግቡ! መርከቧ ልትነሳ ነው» ይላቸዋል። ስቀው ይሳፈራሉ።

ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኡካ የመሄድ ጉዳያቸው ግን ከዚህም ይብሳል። በየዓመቱ ጥር ላይ ሱፍ ለብሰው፣ ሜዳዩን በመሀረብ ጠቅልለው መናኸሪያ ይሄዳሉ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል «ወራጅ!» ብለው ይወርዳሉ። «ቀይ ባሕር ያላስፈራቸውን የኡካ መንገድ አስፈራቸው» እያልኩ ስንት ጊዜ አስቄባቸዋለሁ።

ዘንድሮ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። በመስኮቱ በኩል አስቀምጬ መውጫውን ዘጋሁባቸው፤ መቼም ግትር ነኝ። እንደማልለቃቸው ሲያውቁ ተናገሩ።

በዘመቻው ጀልባቸው ተመታች። የእሳቸው የመንሳፈፊያ ጃኬት ታች ክፍል ቀርቶ ነበር። በእሳቸው ሥር የሚያገለግል ገበየሁ የሚባል የኡካ ልጅ የራሱን አውልቆ አለበሳቸው። «እኔ የወንዝ ዳር ልጅ ነኝ ጌታዬ፣ እዋኛለሁ» አላቸው። እሳቸው ተረፉ፤ ሜዳዩም ለእሳቸው ተሰጠ። እሱ አልተገኘም። መቱ የመጡት ሜዳዩን ለቤተሰቡ ለማስረከብ ነበር። «መኮንን ሆነህ የልጃችንን ጃኬት እንዴት ተቀበልክ?» የሚላቸውን ፊት ፈርተው ይኸው ሠላሳ ዓመት። ያን ሁሉ ጊዜ በመሳቄ አፈርኩ።

ኡካ ስንደርስ የገበየሁ እህት እትዬ አልጣሽ በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ከጋሼ ጌታሰው አፍ ሰሙ። ሜዳዩን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ጋሼ ጌታሰው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ይቅር ይበሉኝ። ዋና ይችላል ብዬ አምኜ ነው።»

እትዬ አልጣሽ ቀና አሉ።

«የኛ ገበየሁ? ዋና?» አሉ። «እሱ እኮ ጉልበት የማይደርስ ወንዝ እንኳ የሚሻገረው እኔ እጁን ይዤለት ነበር።»