በተዘጋው ባሕር

ሪቹዎ በቶኖአስ ደሴት ሃያ ዓመት ያህል ቢኖርም የቶኖአስ ሰው ሆኖ አያውቅም። የተወለደው ባሕሩን ተሻግሮ ባለው በኡዶት ደሴት ነው። በእነሱ ልማድ ያገባ ወንድ ልብሱንና የዓሣ ጦሩን ይዞ ወደ ሚስቱ ወገኖች ይገባል፤ ቤቱ የእሷ ነው፣ የጎደሬው ማሳ የእሷ ነው፣ ከደጃፉ የሚጀምረው ባሕርም የእሷና የወንድሞቿ ነው። ሪቹዎ የራሱ የሚላት ነገር ብትኖር ሚስቱ ኢኔዊስ ነበረች። ልጅ አልወለዱም።

“መተዳደሪያዬ መስጠም ነው” እያለ ይስቅ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የሰመጡትን የጃፓን መርከቦች ለማየት ከሩቅ የሚመጡ እንግዶችን፣ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ወደ ታች ይመራል። ትልልቆቹ መርከቦች ያሉት መሐል ባሕር፣ ጨለማው ውስጥ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ግን፣ ኮራሉ፣ ያ የባሕር ውስጥ ዐለት፣ ተቆርጦ በሚወርድበት ጠርዝ ሥር፣ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሆዱ ተኝቷል።

ጠዋት ጠዋት ኢኔዊስ ጠርዙ ላይ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ መረቧን ትዘረጋለች። እንግዶቹ የአብራሪዎቹን መቀመጫ ሲያዩ ሪቹዎ ቀና ይላል። ከላይ፣ ብርሃኑ ውስጥ፣ የሚስቱ እግሮች ይታዩታል፤ ቀሚሷ በውሃው ተነፍቶ ዙሪያዋን ይንሳፈፋል። አንዳንዴ ቀስ ብሎ ይመጣና ቁርጭምጭሚቷን ያዝ ያደርጋታል። እሷም ጭንቅላቱ ብቅ እስኪል ጠብቃ ትጮህበታለች።

“አንተ ጅል! ይሄን አረፋህን ይዘህ ሂድልኝ! ዓሣው ሁሉ ሸሸ!”

“ሻርክ ነኝ።”

“ሻርክማ ዓይን አለው። አንተ የሰመጠ ቆርቆሮ እንጂ ምን ታያለህ!”

በዚያ ደሴት እንዲህ አድርጎ የሚሰድበው ሌላ ሰው አልነበረም።

ኢኔዊስ ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከቀብሩ በኋላ፣ እንደ ልማዱ፣ የቤተሰቡ ባሕር ለአንድ ዓመት ተዘጋ። ሪቹዎና የሟቿ ታላቅ ወንድም ካንቶ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ያሰሩባቸውን እንጨቶች ኮራሉ ላይ ተከሉ። ከእንጨቶቹ ወዲያ የሚያጠምድም፣ የሚዋኝም፣ በጀልባ የሚያልፍም የለም። ሟቿ እንድታርፍ ነው።

“አማቼ” አለው ካንቶ የመጨረሻውን እንጨት በድንጋይ እየመታ፣ “ባሕሩ እስኪከፈት ቤቱ ቤትህ ነው። ሲከፈት የቤቱና የመሬቱ ባለቤቶች አክስቶቼ ስለ አንተ ይነጋገራሉ። ዓመቱን በደንብ ከጠበቅህ ‘እዚሁ ይኑር’ የምለው እኔ ነኝ።”

ሪቹዎ መኖር የሚፈልገው እዚያ ነበር። መቃብሯ ከቤቱ ጎን ነው። ሌላ ቦታ የሚያውቃት ሰው የለም።

ስለዚህ ጠበቀ። መሐል ባሕር ያሉትን መርከቦች የዘጋቸው ስለሌለ እንግዶቹን እዚያ ይወስዳል። ከታች ብቸኝነቱ አይታወቀውም፤ እዚያ ሁሉም ሰው ዝም ነው። የሚከብደው መውጣቱ ነበር። ሲመሽ የካንቶ ልጆች የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ተቀቅሎ ተወቅጦ በቅጠል ጠቅልለው ያመጡለታል። “ደህና ዋልክ?” ይሉታል። “ደህና” ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር ይጠፋል። ልጆቹ ሲሄዱ ከዶሮዎቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ያመሻል።

ፊቷን አልረሳውም፤ ፎቶግራፏ ግድግዳው ላይ አለ። እግሮቿ ግን የትም የሉም። እነሱ የነበሩት እዚያ ብርሃኑ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ ቀና ሲሉ። ወርጄ ምንም ካልነካሁ ምን አፈረስኩ? እያለ ራሱን ይጠይቅ ጀመር።

አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ሲሊንደሩን አዝሎ ወደ ተዘጋው ባሕር ገባ። ክንፉ ላይ ተቀመጠና ቀና አለ። ብርሃን ብቻ ነው። ዓሣው በዝቷል፣ ሰው መፍራት ትቷል፤ ጉልበቱ ሥር ይመላለሳል። አየሩ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ወደ ላይ እያየ ቆየ።

ትንፋሹ ወደ ላይ የሚልከውን አረፋ ግን አላሰበውም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች በእንጨቶቹ መሐል ውሃው ሲፍለቀለቅ አዩ። ሪቹዎ ሲወጣ ካንቶ የእሑድ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ዳር ላይ ቆሟል።

“ምን ወሰድክ?”

“ምንም።”

“እጅህን አሳየኝ።”

ሪቹዎ ሁለቱንም ዘረጋ።

“ለእንግዶችህ የምትሸጠው ብረት ፈልገህ ነው?”

“አይደለም።”

“ታዲያ ምን ልትሠራ ወረድክ? ልጆቼ እኮ ደጃቸው ላይ ዓሣ ሲዘል እያዩ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ነው የሚበሉት! ለእህቴ ብለው! አንተ ደግሞ ባሏ! ተናገር እንጂ ሰውዬ። አክስቶቼ ሳይሰሙ ንገረኝ። ምክንያት ካለህ እኔ እከራከርልሃለሁ።”

 ሪቹዎ ምክንያት ነበረው፤ ግን አይነገርም። በደሴቶቹ ልማድ በወንድም ፊት የእህቱ ገላ አይነሳም። ባቷ፣ ጉልበቷ፣ ቀሚሷ በውሃ መነፋቱ፣ በሕይወት ሳለችም ሆነ ሞታ አይነሳም። በቀልድ ያነሱ ሰዎች ጥርሳቸውን አጥተዋል። ናፍቃኝ ነው ቢል፣ መቃብሯ እዚህ አይደለም ወይ፣ ከባሕር ታች ምን አለህ? ይለዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ያው እግሯ ነው።

“አውሮፕላኑን ላየው ነው” አለ።

“ሃያ ዓመት ሙሉ ያየኸውን?”

“አዎ።”

 “ልጅ መሰልኩህ አይደል?” አለ ካንቶ። “እሺ። እኔስ ጠይቄሃለሁ።”

አክስቶቹ ተነጋግረው ወሰኑ። ባሕሩ ስለተደፈረ የመዝጊያው ዓመት እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል፤ ሪቹዎም ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። ዕቃውን ወደ ጀልባው ያጋዘው ካንቶ ራሱ ነበር።

“ብረትም ቢሆን ይቅር እልህ ነበር” አለው ገመዱን እየፈታ። “ምክንያትህን መደበቅህ ነው ያናደደኝ።”

“አውቃለሁ” አለ ሪቹዎ።

ኡዶት ላይ የሚኖረው ከሁለት ታናናሽ እህቶቹ ጋር ነው። በደንብ ይዘውታል። በፊቱ ሲያልፉ ለወንድም እንደሚገባ አጎንብሰው ነው፤ ሲቀመጥ ከእሱ ከፍ ብለው አይቆሙም፤ ምግቡን ከሁሉ አስቀድመው ያቀርቡለታል፤ ከወንድም ጋር ግን አይቀለድም። አንድ ቀን ከወጥ ቤቱ በኩል ታናሺቱ ከባሏ ጋር ስትሳሳቅ ሰማ። በምን እንደሚስቁ ለማወቅ ጠጋ አለ። ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ተንኮሻኮሸና ሳቁ ቆመ። እህቱ ጎንበስ ብላ ወጣች።

“የሚያስፈልግህ ነገር አለ፣ ወንድም ጋሼ?”

“የለም” አላት።

ተመልሶ እስኪርቅ ድረስ እንዳጎነበሰች ጠበቀችው።