ምሕረት ማለት

ባለፈው ሳምንት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ሬዲዮ ነዳጅ በዓለም ገበያ መርከሱን ተናገረ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ፣ "እኛ ዘንድ እስኪደርስ መልሶ ይወደዳል" አለ። ሾፌሩ ደግሞ፣ "ታሪፉ አይቀንስም፤ ከወዲሁ እንተዋወቅ!" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በዝናብ የራሰውን የቀርከሃ አጥር ማየት ጀመርኩ። ነዳጅ ረከሰ ሲባል ከብዙ ዓመት በፊት ከአረብ አገር የተደወለልን አንድ ስልክ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል። ቤታችን ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ በሚወጡበት ዕድሜ ስለነበር፣ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ አላምረው "የኔታ" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ሹፈቱን እወደው ነበር። አረብ አገር ከሄደ በኋላም በስልክ ሲያገኘኝ የሚጀምረው፣ "የኔታ፣ ደብተርሽን ዘርጊ" ብሎ ነበር።

ኔትዎርክ የሚገኘው ከሐይቁ በላይ ካለው ጉብታ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከእትዬ ጋር እንወጣለን፤ እሳቸው የተቀቀለ ድንች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እኔ ስልኩን ይዤ። ድንቹን ከነልጣጩ በጨውና በሚጥሚጣ እየበላን እስኪደውል እንጠብቃለን።

አንድ የሰኔ እሑድ ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ፋብሪካ የሚገነቡበት ድርጅት ሥራ አቁሟል አለን። "ነዳጅ ረክሶ ነው ይላሉ።"

"እሰይ!" አሉ እትዬ ከጎኔ። "ላምባ ይቀንስልናል!"

"እማ፣ እዚህ እሱ ሲረክስ የምንረክሰው እኛ ነን።"

የመኖሪያ ፈቃዱ የተያዘው በድርጅቱ በኩል ስለነበር ከሥራው ጋር አብሮ ቀረ። አገሬውም ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል አለ፤ አንዱ "ለእኛም ሥራ የለ፣ የውጭ ሰው ይውጣልን" ይላል፤ ሌላው "እነሱ ከወጡ ማን ሊሸከም ነው" ይላል። በዚህ መሀል መንግሥታቸው ምሕረት አወጀ።

"ወረቀት የሌለው ሁሉ ተምሯል እየተባለ ነው" አለኝ። "እኔም እንዳንቺ ተማርኩ ማለት ነው!" ሳቀና መለስ አለ። "የምር ግን፣ ግማሾቹ ሄደን እንመዝገብ ይላሉ፣ ግማሾቹ ወጥመድ ነው ይላሉ። ምሕረት ማለት ምን ማለት ነው፣ የኔታ?"

አላውቅም ማለት እችል ነበር። የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅሁት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነበር። "ይቅርታ፤ በደልን መተው" ይላል። በጥንቃቄ ገለበጥኩትና በሚቀጥለው እሑድ አነበብኩለት።

"ይቅር ካሉህ ምን ያስወጣሃል?" አልኩት። "ሥራህን ፈልግ።"

እትዬ እልል አሉ። ከታች ሣር የሚግጡት ፈረሶች ቀና ብለው አዩን።

መስከረም ላይ ስልኩ መጥራት አቆመ። ኅዳር ላይ ከአላምረው ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረ የጫግኒ ሰው ሰፈራችንን አፈላልጎ መጣ። እትዬ ገብስ አጨዳ ወርደው ስለነበር ያገኘው እኔን ነው።

"ምሕረቱ እኮ የመውጫ ነበር" አለኝ። "እስከ ተባለው ቀን ሳትታሰሩ፣ ሳትቀጡ አገራችሁ ግቡ ነው ነገሩ። እኔ ተመዝግቤ ወጣሁ። እሱንም ና ብዬው ነበር፤ 'የኔታ ትርጉሙን ከመጽሐፍ አይታዋለች' ብሎ ቀረ። ቀኑ ሲያልፍ አፈሳ ሆነ አሉ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።"

የኔታ የምባለው እኔ መሆኔን አላወቀም።

"ለእናቱ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?" አለ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኩት። እፎይ ብሎ ሄደ።

ማታ እትዬ እጃቸው ላይ የገብስ ገለባ እንደተጣበቀ መጡ። አልነገርኳቸውም። በማግስቱም አልነገርኳቸውም። ዓመታት አለፉ፤ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከሚኒባሱ ወርጄ በባጃጅ ሰፈር ስደርስ እትዬ ደጃፋቸው ላይ ድንች ይልጣሉ። ሬዲዮ ሰምተዋል።

"አንጓችዬ፣ ነዳጅ ረከሰ አሉ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

ቢላዋውን አስቀመጡ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ። "ያ የአላምረው ምሕረት ግን አልተሻረም አይደል?"

"አልተሻረም፣ እትዬ" አልኳቸው።

እኔ እኮ ተማሪ አንዲት ፊደል ቢስት የማላሳልፍ ሴት ነኝ።