ከእንጦጦ ቁልቁል ማርሽ አውጥቶ

በጦርነቱ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት ሥራው ተገለበጠ። ከዚያ በፊት የአውቶቡስ ወንበርና የጭነት መኪና ካሶኒ ነበር የምንሠራው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሰበሰቡንና፣ ቁስለኛ ከጭቃና ከዳገት የሚያወጣ መኪና ሠርታችሁ አምጡ አሉን። ለሰሚው ግራ ነው! ወንበር ስንበይድ የከረምን ሰዎች መኪና ፈጣሪ ሆነን አረፍነው።

ቢሆንም ሠራነው። ሻንሲውን ከአንድ አሮጌ መኪና፣ ሞተሩን ከሌላ፣ ፍሬኑን ደግሞ ከሦስተኛ ወስደን አንድ ናሙና አቆምን። የሙከራው ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሾፌሩ ድርጅቱ ውስጥ ከሁላችንም በፊት የነበሩ፣ ጋሼ የምላቸው የቀጨኔ ሰው ናቸው። ሲነዱ አያወሩም፤ ሬዲዮ እንኳ አያስከፍቱም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "አንተ ልጅ፣ እስቲ ዝም በልና ሞተሩን ልስማው" ይሉኝ ነበር።

ሙከራው በቁስለኛና በሐኪም ፋንታ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጭኖ እስከ እንጦጦ ማርያም መውጣት፣ ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ነው። ችግሩ ናፍጣ ነበር። ያን ሰሞን ናፍጣ እንደ ጠበል በጠብታ ነው የሚሰጠን። አለቆቹ ደግሞ በየጠዋቱ "ስንት ዙር ሄዳችሁ?" ይላሉ። እኔም የከተማችን ሾፌር ሁሉ የሚያውቃት ብልጠት ታየችኝ፤ ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በገዛ ክብደቱ ማንከባለል።

እንጦጦ ላይ ስንዞር "ጋሼ፣ ማርሹን ያውጡትና እንውረድ" አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። "ናሙና እኮ ነው። ፍሬኑን ገና አላወቅነውም፤ በማርሽ እንያዘው።"

"ኧረ ጋሼ! ስንቱ ሾፌር የሚያደርገውን! በእኔ ይሁንብዎት።"

በእኔ ይሁንብዎት አልኩ! ዛሬም ይቺን ቃል ሳስባት ፊቴ ይግላል።

አወጡት። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሽ ሊያስገቡ ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ከፊታችን ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። ጋሼ መሪውን በራሳቸው በኩል ወዳለው የአፈር ግድግዳ ጠመዘዙት። እኔ ግንባሬ ላይ ከመጫር በቀር ምንም አልሆንኩም። የእሳቸው ጉልበት ግን ከመሪው ሥር ተቀጠቀጠ።

ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ ስለ መኪናው አወራሁ፣ ስለ ትእዛዙ ግን ትንፍሽ አላልኩም። "አይዞህ፣ ዋናው ሁለታችንም መትረፋችን ነው" ብለው እኔን ያጽናኑኛል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የአደጋው ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ "ሾፌሩ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በመንዳቱ" ብዬ ሞላሁ። እንግዲህ ውሸት የለበትም! ጋሼ በክራንች ቀርበው "ያዘዘኝ እሱ ነው" አሉ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ነህ ያዘዝካቸው?"

"አላስታውስም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በዚያ ሰዓት "የጦርነት ሥራ አበላሸ" መባል እኔ ላይ የሚያመጣውን ሁሉ አስቤ ነበር፣ እሳቸው ላይ የሚያመጣውን ግን ማሰብ አልፈለግኩም። ጋሼ ክራንቻቸውን አንሥተው ወጡ። በጥፋታቸው ተሰናብተዋል የሚል ወረቀት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በጥፋት የተባረረ ሾፌር ማን ይቀጥራል?

ባለፈው ዓመት ሽሮ ሜዳ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነዋል። እያነከሱ መጥተው ቀድመውኝ ሰላም አሉኝ፤ "እናትህ ደህና ናቸው?" ብለውም ጠየቁኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! በሳምንቱ እሁድ ብርቱካን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ገና ከበሩ እግራቸው ላይ ወድቄ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያዘዝኩዎት እኔ ነኝ። አስታውስ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የካድኩት" አልኩ።

ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። ብርቱካኑን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

"ይሄን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?" አሉኝ። "እኔ አብሬህ ነበርኩ እኮ። ለእነሱ ንገራቸው።"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቢሮ ከእኔ ቢሮ ሁለት በር አልፎ ነው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየጠዋቱ "እንዴት አደርክ" እለውና ወደ ቢሮዬ እገባለሁ።