ያጸዳኋቸው አርባ አንድ ሰዎች

ባለፈው ማክሰኞ መሐል ኦስሎ፣ ሴንትሩም ባለው መሥሪያ ቤታችን ሶስና ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ሶስና ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ወጣት ፕሮግራመር ናት፤ አማርኛዋን ከእናቷ ወስዳለች፣ ችኮላዋን ከማን እንዳመጣችው እንጃ። ከአንድ ደንበኛ የተረከብነውን አሮጌ የሰዎች ዝርዝር፣ ከተራ ፋይል ወደ ዳታቤዝ እንድትገለብጠው ሰጥቻት ነበር።

«ፈርዲ! ጨረስኩት» አለችኝ ዓይኗ እያበራ። «ሁለት መቶ ምናምን ሰው ሁለቴ ተጽፎ ነበር። ሁሉንም አጸዳኋቸው።»

ብርቱካን እየላጥኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። «አጸዳኋቸው» የምትለውን ቃል በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በዚሁ ደስታ፣ በዚሁ በሚያበራ ዓይን ተናግሬያታለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የዳታቤዝ ኮርስ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነው። ፍቅር የያዘው ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። የእናቴን የቅመም ብልቃጦች ሳይ ሠንጠረዥ ይታየኛል፤ ባቡር ጣቢያ የቆመውን ሕዝብ ሳይ በሆዴ በዓምድና በረድፍ አሰልፈዋለሁ። መረጃውን በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚያስቀምጥ ሰው ሲገጥመኝ ደግሞ ከልቤ አዝንለት ነበር።

እንደዚህ ካዘንኩላቸው ሰዎች አንዱ ጋሽ ሃብቶም ናቸው። ሴንትሩም ውስጥ ከእናቴ ጋር ቢሮ የሚያጸዱ ኤርትራዊ ነበሩ፤ ከስደት በፊት አስመራ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ። ከሚያጸዱት ቢሮ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሰጣቸውና ትሮስተሩድ በሚገኘው ቤታቸው በስደት የተጠፋፉ ሰዎችን ዝርዝር መያዝ ጀመሩ። ለአንድ ሰው አንድ መስመር ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የልደት ቀን፣ የሚኖርበት ከተማ፣ ስልክ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የነገራቸውን ሁሉ እዚያው መስመር ላይ ይቀጥሉበታል። ማንን እንደሚፈልግ፣ የት እንደተለያዩ፣ አንዳንዴም የሚወደውን ምግብ ሳይቀር። ሥርዓት የሚባል የለውም። ግን በዚያ ፋይል እናትና ልጅ ተገናኝተዋል፤ ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ዓመት የጋሽ ሃብቶምን ዓይን ሞራ ጋረደው። የኦፕራሲዮን ወረፋ እየጠበቁ ሳለ እትዬ ለተብርሃን ከሱዳን መጣች። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የምትፈልገው ታናሽ እህቷን አስቴር ተስፋይን ነው። ከሰላ በምትባለው የሱዳን ከተማ ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል፤ ኖርዌይ ገብታለች የሚል ወሬ ብቻ ሰምታለች። ግራ እጇን ዘርግታ አንጓዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ።

«ሕፃን ሆና የፈላ ሻይ ደፍታብኝ ነው» አለች። «ይኸው ከእሷ የቀረኝ።»

ጋሽ ሃብቶም ፋይሉ ያለበትን ዲስኬት እጄ ላይ አኖሩት። «ጓለይ፣ ልጄ፣ እኔ አይታየኝም። ቁጭ በይና ከላይ እስከ ታች አንብቢላት።»

የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን ማንበብ? እንደ ጋዜጣ? «እርስዎ ግዴለም ይተዉት፣ ወደ ዳታቤዝ ልቀይርልዎት» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላ ስሙን መጻፍ ብቻ ነው፤ በዓይን ጥቅሻ ይመጣል።» ልጃቸው እንደሆንኩ ሁሉ እሺ አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሠራሁ። በረዶው ቀልጦ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የተበተነው ጠጠር ከጫማ ሥር የሚንኮሻኮሽበት ወቅት ነበር፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲቀመጥ እኔ መጋረጃ ዘግቼ ዓምድ እሰይማለሁ። ለዚያ ረጅም የመስመር ጅራት ዓምድ አልሠራሁለትም፤ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይገባ ደግሞ፣ ስሙ፣ የአባቱ ስምና የልደት ቀኑ አንድ ከሆነ ሁለተኛውን ዝም ብለህ እለፈው ብዬ ማሽኑን አዘዝኩት። ስድስት መቶ አርባ አንዱ መስመር ገብቶ ድፍን ስድስት መቶ ሆኖ ወጣ። ድፍን! ከደስታዬ ብዛት ክፍሌ ውስጥ ዘለልኩ።

«አርባ አንድ ድግግሞሽ አጸዳሁልዎት» አልኳቸው በስልክ።

«ሁለቴ የጻፍኩት ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ጓለይ።»

ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ አልኩ በልቤ።

አስቴር ተስፋይ ብዬ ስጽፍ አንዲት ሴት ብቻ ወጣች። የምትኖረው ቫይትቬት፣ ቲባነን፣ የከተማውን ባቡር፣ ለሚሳፈር ቅርብ። ስልኳ ተቀይሮ አይሠራም፤ አድራሻዋ ግን አለ። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ለተብርሃን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ትኩስ ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ቶየን ጣቢያ ላይ ባቡር ስንቀይር ክንዴን አጥብቃ ያዘች። የሕምባሻው ሽታ ፉርጎውን ሞላው። «ታውቀኝ ይሆን?» ትለኛለች በየጣቢያው። እኔም ከእሷ ባላነሰ ልቤ ይመታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ስለ ሠንጠረዤ ነው።

በሩ ተከፈተ። እትዬ ለተብርሃን ሁለት እጇን ዘርግታ ነበር፤ እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ያ፣ አዎ፣ አስቴር ተስፋይ እኔ ነኝ» አለች ሴትየዋ ግራ ተጋብታ። «እህት ግን የለኝም።»

ደግ ሴት ናት፤ ጎትታ አስገባችን። ቫፈል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣ በቡናማው የኖርዌይ አይብ አቀረበችልን። እትዬ ለተብርሃን አንድም አልቀመሰችም፤ ሕምባሻውን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች መስኮቱን ታያለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አስቴር እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «አንድ ጊዜም የሌላ አስቴር ተስፋይ የጥርስ ቀጠሮ እኔ ጋ መጥቶ ነበር፤ የልደት ቀናችን እንኳ አንድ ነው» አለች።

የያዝኩትን ቫፈል ሳህኑ ላይ መለስኩት። «የልደት ቀንሽ መቼ ነው?»

«ጃንዋሪ አንድ ነዋ! ከእኛ ውስጥ ጃንዋሪ አንድ ያልሆነ ማን አለ?»

እትዬ ለተብርሃን ዞር አለች። «የእኔም ነው።»

የእናቴም ነው! የልደት ወረቀት ሳይዝ ለመጣ ስደተኛ ዓመቱን ገምተው ጃንዋሪ አንድ ይጽፉለታል። እናቴ በየዓመቱ ርችት ሲተኮስ «ለእኔ ነው» እያለች ስታስቀን ነው ያደግኩት። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ናት እንግዲህ፣ ስምና ልደት ከተመሳሰለ አንድ ሰው ነው ብላ ማሽን ያዘዘችው። ድግግሞሽ ያልኳቸው ሰዎች ናቸው። አርባ አንድ ሰው!

«ተነሺ፣ እትዬ፣ ተነሺ!» አልኩ። ምን እንደነካኝ ሳታውቅ ተከተለችኝ።

ጋሽ ሃብቶም ቤት እስክንደርስ ባቡሩ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ዋናውን ፋይል አልሰረዝኩትም፤ እሱ ብቻ ነው ያደረግኩት ቁም ነገር። ኮምፒውተራቸው ላይ ከፍቼ ማሽኑ ያለፋቸውን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እሱ አናጢው ነው... ያኛው እንኳ ሌላ ነው፣ ሹፌሩ ነው» ይላሉ። አንድም የተደገመ የለም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ወደ እትዬ ለተብርሃን ዞርኩ።

«አስቴር ተስፋይ። ትሮምሶ። ታላቅ እህቷን ትፈልጋለች። ከሰላ ላይ ተለያዩ። የእህቴ ግራ እጅ ላይ እኔ ያቃጠልኳት ምልክት አለ ትላለች።»

እትዬ ለተብርሃን አልጮኸችም። ጠባሳዋን በቀኝ እጇ ሸፍና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሃብቶም ስልኩን በዳሰሳ ፈልገው አቀረቡልኝ፤ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ደወልኩ። የሴት ድምፅ ተሰማ። በትግርኛ ጥቂት ተባባሉ፤ ከዚያ ወዲያኛው ድምፅ እያለቀሰ አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ። እትዬ ለተብርሃን ግራ እጇን አንሥታ ስልኩ ፊት ዘረጋች።

«ምን አለቻት?» አልኳቸው ጋሽ ሃብቶምን።

«እጅሽን አሳዪኝ አለቻት» አሉኝ፣ እንባቸው በማያይ ዓይናቸው እየወረደ። «አሳየቻት እንዴ?»

«አሳየቻት» አልኩ።

ከዚያ ሕምባሻውን ቆርሰን በላን። ቀዝቅዟል፤ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም። በሳምንቱ አስቴር ከሰሜን ጫፍ ከትሮምሶ ስትመጣ ኦስሎ ባቡር ጣቢያ ቆመን ነበር፤ የቫይትቬቷ አስቴርም አበባ ይዛ መጥታለች። ዳታቤዙንም አልተውኩትም። እንደገና ስሠራው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ሰጠሁ፣ ለዚያም ረጅም ጅራት ሰፊ ዓምድ አበጀሁ። ጋሽ ሃብቶም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ «አሁን ገና ገባሽ» አሉኝ።

እስከ ዛሬ እንጀራዬ ዳታቤዝ ነው፤ ምረጪ ብባል ዛሬም እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ማሽን «ይህ ሰው አለ» ብሎ ሁለተኛውን ሲመልስብኝ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም በዓይኔ አነብባለሁ።

«የድሮው ፋይል አለ?» አልኳት ሶስናን።

«ያ፣ አለ።»

«ያጸዳሻቸውን አውጪና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

«ሁለት መቶውንም?»

«ሁሉንም።»

ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ ወንበር ሳበችና ማንበብ ጀመረች። አራተኛው ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። መለስ ብላ አነበበችው፣ የሁለቱንም አድራሻ አስተያየች።

«ይቺ እኮ ሌላ ሰው ናት» አለች ቀስ ብላ።

«ቀጥይ» አልኳት፤ ብርቱካኑንም ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጠኋት።